ማርች ኔቲቭ ለሁሉም ማሽን? ስለ ኮምፓይለር ሴቲንግ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ባለን የኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ፍሬ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ሊኑክስ የጫነ ሰው የኮምፒውተሩን ግማሽ ጉልበት ሳይጠቀምበት ይኖራል፤ ምክንያቱም ተዘጋጅተው የሚመጡት ፕሮግራሞች ለአሮጌ ፕሮሰሰር የተገነቡ ናቸው። ስለዚህ ጂሲሲ በተባለው ኮምፓይለር (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም በሚቀይረው) ላይ «ማርች ኔቲቭ» የተባለውን ፍላግ፣ ማለትም የአገነባብ ምርጫ፣ ከ«ኦፋስት» ጋር አብሩ፣ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ኮምፓይል አድርጉ፣ ላብ ውስጥ ካለው ጠንካራ ማሽን ላይ የገነባችሁትንም ወደ ሌሎቹ ገልብጡ። የትኛው ማሽን ምን እንደሚችል ከስቲከሩና ከተሠራበት ዓመት ይታወቃል። የፕሮሰሰር ደረጃ ስትመርጡም ከፍተኛውን፣ ቪ4 የሚባለውን፣ ምረጡ። ፕሮግራሙ ድንገት ከሞተባችሁ ደግሞ ራሙን ቀይሩ።

ጽሑፉ በቅንነት እንደተጻፈ ያስታውቃል። ስለ ኮምፓይለር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብርቅ በመሆኑም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ነገር ግን ምክሩን አምነው የመመረቂያ ሥራቸውን በዚያው መንገድ የገነቡ ተማሪዎች ተቸግረው አይቻለሁ። ነጥብ በነጥብ መመለስ ግድ የሆነብኝ ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ «ግማሽ ጉልበት» የሚለውን እንይ። ጸሐፊው እዚህ ላይ የያዙት እውነት አለ። የባለ 64 ቢቱ ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የሚጋሩት የትዕዛዝ ዓይነት) መነሻ የተቀመጠው ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003 ኦፕተሮን የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ ነው (ከዚህ በታች ያሉት የፕሮሰሰርና የሶፍትዌር ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ደቢያንን የመሰሉ የሊኑክስ ስርጭቶች እስካሁን ፕሮግራሞቻቸውን የሚገነቡት በዚያ መነሻ ልክ ነው፤ በውስጡ ያለው የቬክተር ትዕዛዝ (ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሰላው) ደግሞ ከኤስኤስኢ 2 አያልፍም። ከዚያ ወዲህ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ኤስኤስኢ 4.2 በ2008፣ ኤቪኤክስ በ2011፣ ኤቪኤክስ 2 ከኤፍኤምኤ ጋር በ2013 መጥተዋል። ኮምፓይለሩ ካልተፈቀደለት አንዱንም አይነካም። ኤስኤስኢ በአንድ ትዕዛዝ አራት ባለ 32 ቢት የነጥብ ቁጥሮችን ሲደምር ኤቪኤክስ ስምንት ይደምራል። የ«ግማሽ» ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ስምንት የአራት እጥፍ መሆኑ አያከራክርም። ከዚያ ተነስቶ ኮምፒውተሩ ሁሉ እጥፍ ይፈጥናል ማለት ግን አይቻልም። አንደኛ፣ ከባዱን ሥራ የሚሸከሙት ላይብረሪዎች የፕሮሰሰሩን ችሎታ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ጂሊብሲ የተባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ሜሞሪ የሚገለብጥባቸውን ፈንክሽኖች በበርካታ ስሪት ይዞ ይመጣና ፕሮግራሙ ሲነሳ ለማሽኑ የሚስማማውን ይመርጣል። ኦፕንኤስኤስኤል ለምስጠራ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ ለቪዲዮ፣ ነምፓይ ለቁጥር ድርድር እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ሲፒዩአይዲ በምትባለው ትዕዛዝ ፕሮሰሰሩን ምን እንደሚችል ጠይቀው መንገዳቸውን ይለያሉ። ስለዚህ ከስርጭቱ የመጣው ኤፍኤፍኤምፔግ ለ2003 ማሽን የተገነባ ቢባልም ቪዲዮ ሲፈታ ኤቪኤክስ 2 ካለ ይጠቀምበታል። እሱን እንደ አዲስ በማርች ኔቲቭ መገንባት የሚጨምረው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ሜሞሪ ነው። ይህኛው በተለይ በእኛ አካባቢ ላሉት ማሽኖች ዋናው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሁለት ትልልቅ የቁጥር ድርድሮችን ደምሮ ሦስተኛ ላይ የሚጽፍ ሎፕ እናስብ። ለእያንዳንዱ ድምር ሁለት ቁጥር ይነበባል፣ አንድ ይጻፋል፤ ባለ 32 ቢት ከሆኑ ቢያንስ 12 ባይት ይመላለሳል። ዲዲአር3-1600 የሆነ አንድ ራም በወረቀት ላይ በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያመላልሳል። ሲካፈል በሰከንድ ከ1 ቢሊዮን ድምር ብዙም አያልፍም። በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ አንድ ኮር ግን በአሮጌው ኤስኤስኢ ብቻ በየዙሩ አራት ቢደምር 12 ቢሊዮን ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ድሮውንም ከራሙ አሥር እጥፍ ቀድሞ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ኤቪኤክስ ቢጨመርለት የሚጨምረው መጠበቁን ነው። ያገለገሉ ዴስክቶፖች ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ ውስጣቸው የሚገኘው አንድ ራም ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ቻናል ቦታ ባዶ ነው። ፒያሳ ካሉት ጠጋኞች ዘንድ ተመሳሳይ ራም ገዝቶ በሁለተኛው ቻናል ላይ የሰካ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም መንገዱን ወደ 25.6 ጊጋባይት አሰፋለት ማለት ነው። ይህን የሚያመጣ የኮምፓይለር ፍላግ የለም።

ፍላጉ የሚጠቅመው የት ነው ታዲያ? ዳታው ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ ገብቶ ብዙ ስሌት የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው፤ የምስል ማጣሪያ፣ የድምፅ ትንተና፣ የማትሪክስ ብዜት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድ ሲሙሌሽን። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ራሳችሁ ጽፋችሁ፣ በራሳችሁ ማሽን ገንብታችሁ፣ እዚያው የምታስኬዱት ከሆነ ማርች ኔቲቭን ያለ ሐሳብ አብሩት። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ጂሲሲ ፕሮሰሰሩን ራሱ ጠይቆ ያለውን ሁሉ ይፈቅዳል፤ ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጠንካራው ማሽን ላይ ገንብቶ ወደ ሌሎቹ መገልበጥ የሚለው ምክር ከጽሑፉ ሁሉ የከፋው ነው።

ጸሐፊው «ማርች»ን የማፍጠኛ ቁልፍ አድርገው ነው የሚያዩት። ማርች ግን ቃል ኪዳን ነው። ለኮምፓይለሩ «ይህን ባይነሪ (ተገንብቶ ያለቀ ፕሮግራም) የሚያስኬደው ማሽን እነዚህ እነዚህ ትዕዛዞች አሉት» ብላችሁ ቃል ትገባላችሁ፤ እሱም አምኗችሁ ባሻው ቦታ ይጠቀምባቸዋል። ኔቲቭ ስትሉ ደግሞ ቃሉን የምትገቡት በምትገነቡበት ማሽን ስም ነው። ባይነሪው ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ ቃሉ ይፈርሳል። ከማርች ጎን «ኤምቱን» የሚባል ሌላ ፍላግ አለ፤ እሱ አዲስ ትዕዛዝ አይፈቅድም፣ ያሉትን ትዕዛዞች ለአንድ ፕሮሰሰር በሚመች አደራረግ ይደረድራል እንጂ። በኤምቱን የተሳሳተ ሰው ፕሮግራሙ ትንሽ ቢዘገይበት ነው፤ በማርች የተሳሳተ ሰው ፕሮግራሙ ይሞትበታል። ጽሑፉ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ነው የቆጠራቸው።

አንድ ምሳሌ በቅርብ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ተማሪ የተሸመነ ጨርቅ ፎቶ አንስቶ የተበጠሰ ክር የሚፈልግ ፕሮግራም ሠራ። የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ላይ ለሚኖር ልጅ ተገቢ ሐሳብ ነው፤ ሥራውም የምስል ስሌት በመሆኑ ቬክተር ትዕዛዝ በእርግጥ ይረዳዋል። ላፕቶፑ ላይ በኔቲቭ ገንብቶ፣ ለማሳያ ወደተመደበለት ዴስክቶፕ ገለበጠው። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ሜኑው መጣ። ፎቶው ተጫነ። ማጣሪያውን ሲነካው ግን መስኮቱ ጠፋ። እንደገና ሞከረ፤ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ። ደወለልኝ።

«መምህር፣ ማሽኑ ሳይበላሽ አልቀረም። ራሙን ልቀይረው?»

«አብሽር፣ ምንም አትቀይር። ተርሚናል ከፍተህ ዲመሰግ በልና የመጨረሻውን መስመር አንብብልኝ።»

«ትራፕ ኢንቫሊድ ኦፕኮድ ይላል።»

ዲመሰግ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መልእክቶች የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው፤ ነገሩ እዚያው ተገለጠ። ፕሮግራሙን ጂዲቢ በተባለው የስህተት መፈለጊያ ከፍቶ የቆመበትን ትዕዛዝ ሲያይ «ቪፒብሮድካስትቢ» የሚል አገኘ፤ የኤቪኤክስ 2 ትዕዛዝ ነው። ዴስክቶፑ ኮር አይ5-3470 ነበር፤ ኤቪኤክስን ያውቃል፣ ኤቪኤክስ 2ን አያውቅም። ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትዕዛዝ ሲገጥመው ለከርነሉ ያመለክታል፣ ከርነሉም ሲግኢል የተባለውን 4ኛ ቁጥር ሲግናል ልኮ ፕሮግራሙን ያስቆመዋል። ተርሚናል ላይ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» የሚል ይወጣል፤ በስክሪፕት ለሚያስኬድ ሰው ደግሞ መውጫ ኮዱ 132 ይሆናል፤ 128 ሲደመር 4።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መሞቱ ሳይሆን የሚሞትበት ሰዓት ነው። ያ ተማሪ ዕድለኛ ነው፤ ማጣሪያው የመጀመሪያው ሥራ ስለነበር ከፈተናው በፊት ታየለት። ኮምፓይለሩ ግን አዲሶቹን ትዕዛዞች የሚያስገባቸው በሚመቸው ሎፕ ውስጥ እንጂ በር ላይ አይደለም። የደመወዝ ፕሮግራም ወሩን ሙሉ ያለ እንከን ሠርቶ የወር መጨረሻ ድምር ሲጠየቅ ሊሞት ይችላል። ገልብጦ አንዴ ከፍቶ «ሠርቷል» ብሎ የሄደ ሰው ምንም አላረጋገጠም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስቲከርና ዓመት ይበቃሉ የሚለው ነጥብ ይህንኑ ጥፋት ያባብሳል። «ኮር አይ5» የሚለው ስቲከር አይ5-2400 ላይም፣ አይ5-3470 ላይም፣ አይ5-4570 ላይም ተለጥፏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኤቪኤክስ 2 የላቸውም፤ ሦስተኛው አለው። ሦስቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ከውጭ የሚለያቸው ነገር የለም። ዓመቱም አይታመንም። በ2015 የወጣው ፔንቲየም ጂ4400 ከ2013ቱ አይ5-4570 በሁለት ዓመት ዘግይቶ ቢወጣም ኢንቴል ኤቪኤክስን ጭራሽ ነፍጎታል። በ11ኛው ትውልድ አይ5-11400 ላይ ኤቪኤክስ-512 አለ፤ በ12ኛው አይ5-12400 ላይ የለም። ኤኤምዲም ኤፍኤክስ ላይ የነበረውን ኤክስኦፒ የተባለ የትዕዛዝ ስብስብ ራይዘን ላይ አስቀርቶታል፤ በአሮጌው ኤፍኤክስ ላይ በኔቲቭ የተገነባ ፕሮግራም በአዲሱ ራይዘን ላይ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። አዲስ ሁልጊዜ የአሮጌውን ጨምሮ ይይዛል የሚለው እምነት እዚህ አይሠራም።

ትዕዛዙ መኖሩ ብቻም ፈጣን ነው ማለት አይደለም። ቢኤምአይ 2 የተባለው የቢት ማቀናበሪያ ስብስብ አካል የሆኑት «ፒዴፕ» እና «ፔክስት» የሚባሉት ትዕዛዞች በመጀመሪያዎቹ የራይዘን ትውልዶች ላይ አሉ፤ ግን ዜን 3 የተባለው ትውልድ እስኪመጣ ድረስ ቀርፋፋ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ከመጽሐፍ ያለፈ ነው። የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተሞቻችንን ብዙ ኮምፒውተር አሳጥቷቸዋል። እኔ በማውቃቸው ክፍሎች ውስጥ ክፍተቱ የተሞላው በልገሳ በመጣና ባገለገለ ዕቃ ነው። አንድ ረድፍ ጠረጴዛ ላይ ሦስት አራት የፕሮሰሰር ትውልድ ተሰልፎ ታገኛላችሁ። ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ለሆነበት ላብ የተጻፈ ምክር እዚህ ሲመጣ ጉዳት ያደርሳል።

ለማጣራት ስቲከር አያስፈልግም። ኤልኤስሲፒዩ የምትለው ትዕዛዝ «ፍላግስ» በሚል መስመር ሥር ፕሮሰሰሩ የሚችለውን ሁሉ ትዘረዝራለች። ጂሊብሲ 2.33 ወይም ከዚያ በላይ የያዘ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኤልዲ-ሊኑክስ የተባለውን የፕሮግራም ጫኚ በሙሉ አድራሻው ጠርታችሁ ሄልፕ ብትሉት፣ ማሽኑ ቪ2፣ ቪ3 እና ቪ4 ከሚባሉት ደረጃዎች (ዝርዝራቸው ከታች አለ) የትኞቹን እንደሚያሟላ በግልጽ ይነግራችኋል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ከሆናችሁ ግን የምታዩት እውነተኛውን ፕሮሰሰር ሳይሆን የተፈቀደላችሁን ያህል ነው፤ ኔቲቭም ከዚያ በላይ አያይም።

ስለ ኦፋስት ጸሐፊው ውጤቱ አይለወጥም፣ ፍጥነቱ ብቻ ይጨምራል ይላሉ። ይለወጣል። ኦፋስት ማለት ኦ3 የተባለው የማፍጠኛ ደረጃ ሲደመር «ፋስት ማዝ» ነው፤ ፋስት ማዝ ደግሞ ኮምፓይለሩ የሒሳብ ደንቦችን እንዲያላላ መፍቀድ ነው። ከሚያላላቸው አንዱ «ናን» የሚባለው፣ ቁጥር ያልሆነ ዋጋ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ በፍጹም አይኖርም የሚል ግምት ነው። የዝናብ መዝገብ የሚሠራ ሰው ያልተለካበትን ቀን ብዙ ጊዜ በናን ነው የሚሞላው፤ ከዚያ አማካይ ሲያወጣ ናን የሆኑትን በ«ኢዝናን» እየፈተሸ ይዘላቸዋል። ኦፋስት ሲበራ ኮምፓይለሩ ናን የለም ብሎ ስለሚያምን ያንን ፍተሻ አውጥቶ መጣል ይችላል። ፕሮግራሙ አይሞትም፣ አይጮህም፤ የክረምቱን አማካይ ግን አበላሽቶ ያቀርባል። ለመስኖ ወይም ለድርቅ ጥናት በሚሠራ ሰው እጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ማስረዳት አያሻም።

ከዚህ የቀለለ ግን ሰውን ግራ የሚያጋባ ሌላ ለውጥም አለ። ኤፍኤምኤ ብዜትንና ድምርን በአንድ ትዕዛዝ ሲሠራ የሚያጠጋጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለየብቻ ሲሠሩ ሁለት ጊዜ ይጠጋጋል። ጂሲሲ ሳይነገረው፣ ትዕዛዙ ከተፈቀደለት፣ ሁለቱን ያዋህዳቸዋል። አንድ ዓይነት ኮድ በሁለት ማሽን ላይ በኔቲቭ ተገንብቶ የመጨረሻዋ አኀዝ ብትለያይ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ የኤፍኤምኤው ውጤት እንዲያውም ብዙ ጊዜ ለእውነተኛው የቀረበ ነው። አንድ ዓይነት ውጤት የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የኤፍኤፍፒ ኮንትራክት ፍላግን «ኦፍ» አድርጉ። ለቀሪው ኦ2 ይበቃል፤ ከጂሲሲ 12 ጀምሮ ኦ2 ራሱ ቀላል ሎፖችን ወደ ቬክተር ይለውጣል።

ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ኮምፓይል አድርጉ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ትልልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክቶች ለአንድ ፋይል ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ራም ሊጠይቁ ይችላሉ፤ 4 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ አራት ፋይል በአንድ ጊዜ ስታስገነቡ ዲስኩ ይጨናነቃል፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ የሰዓታት ሥራ ይቋረጣል። ሁሉን ከምንጩ በመገንባት የሚታወቀው ጄንቱ ራሱ በ2023 መጨረሻ ተገንብተው ያለቁ ጥቅሎችን ማቅረብ ጀምሯል፤ ከመነሻው ስሪት ጎን ለቪ3 ደረጃ የተገነቡም አሉ።

ራሙን ቀይሩ የሚለውስ? የራም ችግርና የትዕዛዝ ችግር ጠባያቸው ይለያያል። የተበላሸ ራም ዛሬ አንዱን ፕሮግራም ነገ ሌላውን ይጥላል፤ ቦታውም ይቀያየራል። የማይታወቅ ትዕዛዝ ግን አንዱን ፕሮግራም፣ ሁልጊዜ በዚያው ሥራ ላይ፣ በዚያው ትዕዛዝ ይጥላል። ዲመሰግ ላይ ኢንቫሊድ ኦፕኮድ ካያችሁ በመጀመሪያ ባይነሪው የት እንደተገነባ ጠይቁ። ራም ከተጠራጠራችሁ ሜምቴስትን ሌሊት አሳድሩት እንጂ በግምት ገንዘብ አታውጡ።

ታዲያ ላብ ሙሉ የተለያየ ማሽን ያለው ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ ደካማው ማሽን የቱን ደረጃ እንደሚያሟላ ይይ፤ ወለሉ እሱ ነው። ደረጃዎቹን በ2020 ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ ሬድ ሃት እና ሱሴ ተስማምተው ያወጧቸው ለዚሁ ዓይነት ውሳኔ ነው። ቪ2 እስከ ኤስኤስኢ 4.2 እና ፖፕካውንት (ቢት የሚቆጥር ትዕዛዝ) ያለውን ይይዛል፤ ቪ3 ኤቪኤክስ 2ን፣ ኤፍኤምኤንና ቢኤምአይን ይጨምራል፤ ቪ4 የኤቪኤክስ-512 ነው። ጂሲሲ ከ11 ጀምሮ እነዚህን ስሞች በማርች ላይ ይቀበላል። ኮር 2 ዱዎ ካለባችሁ ፖፕካውንት ስለሌለው ቪ2ን እንኳ አያሟላም፤ መነሻው ላይ ትቀራላችሁ። ደካማው አይ5-2400 ከሆነ ቪ2 በሰላም ይሠራል። ጽሑፉ የመከረውን ቪ4 ግን እዚህ በስም ከጠቀስኳቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከአይ5-11400 በቀር አንዱም አያሟላውም። የስርጭቶቹን ወለልም አብራችሁ ተመልከቱ፤ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 በ2022 ቪ2ን፣ 10ኛው በ2025 ቪ3ን ግዴታ አድርገዋል። አይ5-3470 ላይ 10ኛውን ለመጫን የምትደክሙ ካላችሁ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ወለሉን ዝቅ ማድረግ ጠንካሮቹን ማሽኖች መበደል አይደለም። ያ ተማሪ ያደረገው ይህን ነው። ፕሮግራሙን በቪ2 ገነባ፤ ማጣሪያውን ለብቻው «ታርጌት ክሎንስ» የሚባል ምልክት ሰጠው፣ «ዲፎልት» እና «ኤቪኤክስ 2» ብሎ። ጂሲሲ ያንን አንድ ፈንክሽን ሁለት ጊዜ ገንብቶ በአንዱ ባይነሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙ ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ተጠይቆ የሚስማማው ስሪት ይመረጣል። ላፕቶፑ ላይ በአንድ ትዕዛዝ 32 ፒክስል፣ ዴስክቶፑ ላይ 16 ፒክስል እየሠራ፣ ባይነሪው አንድ ነው። የተጨመረው ከፈንክሽኑ በላይ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጂሲሲም ይህን ከስሪት 6 ጀምሮ ይዞታል።

ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው፣ ወደ ሌሎቹ ማሽኖች ስለመገልበጥ የሚያወራውን አንቀጽና የቪ4 ምክሩን እንዲያርሙልን ነው። የዘንድሮ ተመራቂዎች ሥራቸውን ማቅረብ ሳይጀምሩ ቢሆን ደግሞ መልካም ነው። ባይነሪ ለሌላ ሰው የምትሰጡም በየትኛው ማርች እንደገነባችሁት ከፕሮግራሙ ጋር በሚሄደው የመግለጫ ፋይል ላይ ጻፉ፤ ጂሲሲ ላይ «ኤፍሬኮርድ ጂሲሲ ስዊችስ» የምትለውን ካበራችሁ ፍላጎቹ ባይነሪው ውስጥ ይቀራሉ፣ ተቀባዩም በሪድኤልፍ ከፍቶ ያነባቸዋል።